የአጥንት መቅኔ ግንደ ሕዋሳት፣ የአጥንት መሳሳትና የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ

በሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ሲያራግፍ የሚውል ሠራተኛ ወይም ከጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር የወገብ ሕመም ይዞት ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ግምት የሥራ ጫና ነው። ታማሚው ለረጅም ዘመን በስምጥ ሸለቆ የኖረ ከሆነ ግን ይጠጣው የነበረውን ውኃ ሳይጠይቁ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

አጥንት ዘወትር የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው አካል ነው። ገንቢው ኦስቲዮብላስት የሚመነጨው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ሜዘንካይማል ግንደ ሕዋሳት ሲሆን፣ አፍራሹ ኦስቲዮክላስት ከደም አመንጪ ግንደ ሕዋሳት ይገኛል። ሜዘንካይማል ግንደ ሕዋስ ወደ አጥንት ገንቢ ወይም ወደ ስብ ሕዋስ ሊያድግ ይችላል። በእርጅና፣ ሴቶች ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን ሲቀንስ፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሚዛኑ ወደ ስብ ያዘነብላል፤ አጥንትም ይሳሳል።

ፍሎራይድ በአንጻሩ ኦስቲዮብላስትን ስለሚያነቃቃ ለአጥንት መሳሳት ሕክምና ተሞክሮ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመና 202 ያረጡ ሴቶችን ለ4 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ የወገብ አከርካሪ እፍጋት በ35 በመቶ ሲጨምር የአከርካሪ ስብራት ግን በጉልህ እንዳልቀነሰ፣ የሌሎች አጥንቶች ስብራት እንዲያውም እንደበዛ አሳይቷል። የአጥንት መወፈር ጥንካሬ ማለት አይደለም።

ይኸው እውነት በአዳማ አቅራቢያ በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለበትን የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ ተገኝቷል፤ በአንዳንዶቹም ኅብለ ሰረሰር ተጨፍልቆ ሽባነትን አስከትሏል።

ስለዚህ ባለሙያው የአከርካሪ መገተርን፣ የእግር መዛልንና የሽንት መቆጣጠር ችግርን ይመርምር። በራጅ አጥንቱ ከነጣና ጅማቶቹ ከጠጠሩ ፍሎሮሲስን ይጠርጥር፤ የኅብለ ሰረሰር መጨፍለቅ ምልክት ካለ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላክ። የጥርስ መበለዝ በልጅነት መጋለጥን ስለሚያመለክት፣ ጎልምሶ ወደ አካባቢው በመጣ ሰው ላይ አለመታየቱ ፍሎሮሲስ የለም አያሰኝም። ውኃን ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ ይልቁንም እንደሚያጎላው ለኅብረተሰቡ ማስረዳት ያስፈልጋል። የአጥንት ፍሎሮሲስን የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ፣ ዋናው መከላከያ ፍሎራይዱ የተመጠነ ውኃ ነው።