የሐኪም እጅና የነጋዴ መደብር

ልብስ ሰፊ ለአዲስ ተለማማጅ የደንበኛን ጨርቅ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ አስቀድሞ በቁራጭ ላይ እጁን ያለማምደዋል። ጨርቅ ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የሰው ገላ ግን ምትክ የለውም። በዚህም ምክንያት የቀዶ ጥገና ሐኪም የሚሆን ወጣት ከሕመምተኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት የመቀስና የወረንጦን አያያዝ በልምምድ ሣጥን ላይ እንዲማር ማድረግ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል።

የጤና ሠራተኛን እጅ ማሠልጠን ለጎንደር እንግዳ ሥራ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። በ1978 እ.ኤ.አ. የሐኪሞች ትምህርት ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረበት ሲሆን፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የሣጥኑ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚደረግ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሥራውን የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። መሣሪያው በቀዳዳው ላይ እንደ ሚዛን ክንድ ስለሚዞር፣ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን ለመልመድ ቀዳዳዎች ያሉት የተሸፈነ ሣጥንና በውስጡ ካሜራ ይበቃል። ተማሪው 6 ትናንሽ ዕቃዎችን ከችካል ላይ በአንድ እጅ መሣሪያ አንሥቶ፣ በአየር ላይ ለሌላው አቀብሎ፣ በወዲያኛው ችካል ላይ ያኖራል፤ ከዚያም ይመልሳቸዋል። ቀጥሎ በጎዝ ላይ የተሣለ ክብ ይቆርጣል፤ ክርም ይቋጥራል።

ይህ ድካም ከንቱ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ በ16 ሐኪሞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በኮምፒዩተር ማስመሰያ የተለማመዱት የሐሞት ከረጢትን የመለየቱን ሥራ 29 በመቶ ፈጥነው ፈጽመዋል። ያልተለማመዱት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ አካል የማቃጠል ዕድላቸው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

የኮምፒዩተሩ ማስመሰያ ዋጋው ከባድ ነው። ተራው ሣጥን ግን ከፕላስቲክ ዕቃ፣ ከስልክ ካሜራ፣ ከስፖንጅ፣ ከክርና ከመርፌ ሊሠራ ይችላል፤ እነዚህም የአራዳ ሱቆች የዘወትር ሸቀጥ ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደተባለው፣ ባለ ሱቁ የሐኪም ትምህርት መሣሪያ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ አያስተውል ይሆናል።

መቀሱ፣ ወረንጦውና የመርፌ መያዣው ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የጀርመኗ ቱትሊንገንና የፓኪስታኗ ሲያልኮት በዚህ ሙያ የታወቁ ከተሞች ናቸው። አስመጪው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል። የመርፌ መያዣው አፍ ካልገጠመ፣ ተማሪው ጥፋቱ የእጁ መስሎት የተሳሳተ አያያዝ ይለምዳል። ለልምምድ ብቻ የተሠራ ርካሽ መሣሪያ ደግሞ ለሕመምተኛ ከሚውለው ጋር ተቀላቅሎ ቢሸጥ፣ ጉዳቱ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ በደረሰኝም በመደርደሪያም ተለይተው ሊቀመጡ ይገባል።

ዛሬ በሣጥን ላይ የሚለማመደው እጅ ነገ የነጋዴውን ልጅ ገላ ይነካ ይሆናልና።