የቢራ ጥራት ከገበሬው አውድማ ይጀምራል

በአርሲ፣ በባሌና በሌሎችም ደጋማ አካባቢዎች በርካታ ገበሬዎች የቢራ ገብስ ያመርታሉ። ይሁን እንጂ ክረምቱን ሙሉ የተደከመበት ምርት ከብቅል ፋብሪካ በር የሚመለስበት ጊዜ አለ። የተመለሰው ገብስ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል፤ የማጓጓዣው ወጪም ለባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ይህ እንዳይደርስ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ፋብሪካው ከገብሱ የሚፈልገውን ማወቅ ይገባቸዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ።

የቢራ አሠራር ለጠላ ጠማቂ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ ገብሱ ተዘፍዝፎ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ያህል እንዲበቅል ይደረጋል፤ ከዚያም በሙቅ አየር ይደርቃል። ብቅሉ ተከክቶ ከሙቅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ፈሳሹ ከአተላው ተጣርቶ ሆፕስ ከተባለው ተክል አበባ ጋር ይፈላል። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሚሰጠው ሁሉ የመረረ ጣዕም ይሰጣል። በመጨረሻም ፈሳሹ ቀዝቅዞ እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ቢራው በቅዝቃዜ ቆይቶ ከተጣራ በኋላ በጠርሙስ ይሞላል።

እንግዲህ የማይበቅል ገብስ ብቅል አይሆንም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95ቱ እንዲበቅል ይፈልጋሉ። በመውቂያ ማሽን የተሰባበረ፣ በአውድማ ዝናብ የመታው ወይም እርጥብ እንዳለ ተከማችቶ የጋለ ገብስ ይህን አያሟላም። የተለያዩ ዝርያዎች ሲቀላቀሉም አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚበቅል ብቅሉ ይበላሻል።

ሌላው ጉዳይ ፕሮቲን ነው። ለቢራ የሚመረጠው ገብስ ከመቶ ከ9 እስከ 11.5 ያህል ፕሮቲን ያለው ነው። ፕሮቲኑ ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፤ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል። ዩሪያን ከመጠን በላይ ወይም አዝመራው ከገፋ በኋላ መጨመር ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል። ለስንዴ የሚበጀው ለቢራ ገብስ ላይበጅ እንደሚችል ለአባላት ማስረዳት ያስፈልጋል።

የብዙ ገበሬዎች ምርት በአንድ መኪና ሲጫን የአንዱ ጉድለት የሁሉንም ድካም ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ ምርቱ ከመቀላቀሉ በፊት ከየአባሉ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከ3 እስከ 5 ቀን በማቆየት የበቀለውን መቁጠር ይቻላል። አዲስ የታጨደ ገብስ ጤናማ ሆኖ ሳለ ለጥቂት ሳምንታት ላይበቅል ስለሚችል፣ ፈተናውን ከጊዜ በኋላ መድገም ይገባል። ከጨርቅና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የማይጠይቀው ይህ ሥራ፣ ጉድለት ያለበት ገብስ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት እዚያው መንደር ውስጥ እንዲለይ ያደርጋል።