ስለ ተጎዳ እግርና ስለ ብርታት፦ ተረቱና እውነታው

በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት ቦታ ላይ ከተመሠረተው ከፈረንሳይ መንግሥት ለጋሲዮን ስሙን በወረሰው በዚህ ሰፈር፣ ጎሕ ሲቀድ ከደጁ ቆሞ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ የሚመለከት ሰው ሦስት ዓይነት ተጓዥ ያያል፦ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኪዳን ጸሎት የሚገሠግሡ ምእመናንን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ለመሸከም ባዶ ገመዳቸውን ይዘው የሚወጡ እናቶችን፣ እንዲሁም ቱታ ለብሰው ዳገቱን በሩጫና በእርምጃ የሚገፉ ወጣቶችንና ጎልማሶችን። ዘመን ሲለወጥ፣ በወርኃ መስከረም፣ የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ቁጥር ይበረክታል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት፣ ሌላው ጉልበቱን አሞት፣ ሌላው ደግሞ አንድ ሳምንት ታሞ ተኝቶ ሲነሣ «ከእንግዲህማ ምን ዋጋ አለው» ብሎ፣ እንደ ጠዋት ጤዛ ሳይታወቅ ይቀራል። ከቀሩት ከብዙዎቹ ጋር ስለተጨዋወትሁ፣ እኔም ራሴ ከቀሩት አንዱ ሆኜ ስለኖርሁ፣ ይህን ለማለት እደፍራለሁ፦ ሰውን ከዳገቱ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ሳይሆን ስለ ጉዳቱ የሚያምነው ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው እምነት፣ ብርቱ ፈቃድ ያለው ሰው ሕመሙን ረግጦ ያልፋል የሚለው ነው፤ ለዚህም ዘወትር በምስክርነት የሚጠራው አበበ ቢቂላ ነው። ታሪኩ እንዲህ ይተረካል። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ተይዞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጥቅምት 11 ቀን፣ ማለት በ35ኛው ቀን፣ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ማራቶንን በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒክ፣ በሮምና በቶኪዮ፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ እውነት የሚወጣው ትምህርት ግን የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም የሐኪሙ ቢላዋ የነካው ሆዱን እንጂ የሚሮጥበትን እግር፣ የሚተነፍስበትን ሳንባ አልነበረም፤ ከሆስፒታል የወጣውም ሳምንት ሳይሞላው ነበርና በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ለዓመታት ያከማቸው ኃይለ ሥጋ በዚያች አጭር ጊዜ የሚባክን አልነበረም። አበበ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው የታመመ እግሩን አስገድዶ ሳይሆን፣ ያልታመመ እግሩን በቶሎ ወደ ሥራ መልሶ ነው።

የዚህን ልዩነት ማረጋገጫ ያው አበበ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ ሰጥቶናል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ድል ተሰልፎ ሲነሣ፣ የሮምና የቶኪዮ ልብ ከእርሱ ጋር ነበር፤ የተጎዳው እግሩ ግን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ካደረሰው በኋላ እምቢ አለው፤ አበበም አቋርጦ ወጣ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ወሰደው። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ የአበበ ፈቃድ ሟሸሸ ልንል ነውን? ያን ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። የተጎዳ አጥንትና የተጎዳ ጅማት ለፈቃድ አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው ለጊዜና ለተመጠነ ሥራ ነው። ሜክሲኮ ላይ ቆም ማለቱን በቶኪዮው ድል ጥላ ሥር ሸሽገን ስለኖርን፣ ዛሬ አንድ ወጣት ጉልበቱ አብጦ ሳለ «አበበ ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ሮጧል» እያለ ዳገቱን ሲወጣና የሁለት ሳምንቱን ጉዳት የስድስት ወር ሲያደርገው እናያለን።

ታሪኩ በዚህም አይፈጸምም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እግሩን ማንቀሳቀስ ተሳነው፤ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታልም ተላከ። በዚያ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተሰበረ ሰዎችን በአልጋ ላይ እስኪሞቱ መጠበቅን ትተው፣ ቀስትና ኳስ በእጃቸው አስይዘው በስፖርት ማከም ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። አበበም እግሩ ያልቻለውን በክንዱ ያዘ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በማግሥቱም ዓመት ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ ሳለ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከመወዳደሩም በላይ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ አበበ ስናወራ ሮምንና ቶኪዮን ብቻ መቍጠራችን ያሳዝነኛል፤ ለተጎዳ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስቱን የሚስበው አበበ ነውና።

ሁለተኛው እምነት በገዛ እግሬ ላይ ምልክቱን ትቶብኛል፤ እርሱም ወለም ያለ እግር ካልታሸ አይድንም፣ ከታሸ በኋላም እስኪሽር ድረስ መሬት መርገጥ የለበትም የሚለው ነው። በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ከዳገቱ ስወርድ፣ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሥሬ ተንሸራትቶ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጎረቤቶቼ ከልብ በመነጨ ርኅራኄ ወደ አንድ ወጌሻ ወሰዱኝ፤ እርሱም በለጋ ቅቤ እያሸ፣ እኔ እየጮኽሁ፣ እነርሱ «አይዞህ» እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ማታ እግሬ ጫማ የማያስገባ ሆነ። ከዚያም አምስት ሳምንት ተኛሁ፤ ስነሣ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ፣ ባቴም ከግራው ይልቅ በዓይን በሚለይ መጠን ቀጥኖ አገኘሁት።

በሕክምና የታወቀው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የተጎዳ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ሲታሽ የተበጠሰው ጭራሽ ይደማል፣ እብጠቱም ይብሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠቅመው በለስላሳ መጠቅለያ መደገፍ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ከሚያባብሰው ሥራ መራቅ ነው። ዕረፍቱ ግን የሬሳ ዕረፍት መሆን የለበትም፤ ሕመሙ በፈቀደው ልክ ጣትን ማንቀሳቀስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጥቂት መርገጥ በቶሎ ሲጀመር ጅማቱ በተሻለ ሁኔታ ይጠገናል። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያልቻለ ሰው፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥንቱ ሲነካ የሚያስጮኸው፣ ስብራት እንዳይሆን ራጅ ሊነሣ ይገባዋል። ወጌሾቻችንን ለመንቀፍ አልጽፍም፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን አገሩን ያገለገሉ ናቸው፤ ሆኖም የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን አቁሞ፣ ሥጋው ሞቶ፣ እስከ መቆረጥ የደረሱ፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ በሆስፒታሎቻችን መታየታቸው ሊሸሸግ አይገባም። የታሰረ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታ።

እኔን ያዳነኝ ነገር ለመናገር የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነበር። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ጥርስህን ስትፍቅ በተጎዳው እግርህ ብቻ ቁም» አለችኝ። በመጀመሪያው ጠዋት የበሩን መቃን ይዤ እስከ ሰባት ብቻ ቈጠርሁ፤ እግሬ እንደ ቄጤማ ይርገበገብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መቃኑን ለቅቄ ሠላሳ ደረስሁ። ወለምታ ደጋግሞ የሚመለሰው ጅማቱ ስለላላ ብቻ ሳይሆን፣ እግር በጨለማ እንኳ መሬቱን የሚያውቅበት ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ነውና፣ ይህ በአንድ እግር መቆም ያን ስሜት መልሶ ያስተምረዋል።

ሦስተኛው፣ ያቋረጠ ሰው የሠራው ሁሉ ጠፍቶበት ከሀ ይጀምራል የሚለው ነው። በእርግጥ ትንፋሽ በሁለትና በሦስት ሳምንት ዕረፍት መቀነስ ይጀምራል፤ ጡንቻም ይሟሽሻል። ነገር ግን አስቀድሞ የሠለጠነ ጡንቻ ከቶ ካልሠለጠነው ፈጥኖ ይመለሳል፤ ሰውነት የተማረውን እንደ ዳዊት ደጋሚ ተማሪ ለጊዜው ይዘነጋው ይሆናል እንጂ ከነጭራሹ አይረሳውም። ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በባቱ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከሜዳ ራቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ዴጉ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትሩን አቋርጦ ሲወጣ አበቃለት ያላለ ጥቂት ነው፤ እርሱ ግን ከ19 ቀን በኋላ ብራሰልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጠ። ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ ተጎድቶ፣ ስንት ማራቶን አቋርጦ፣ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ ከዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በ2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ለእኛ ለሰፈሩ ሰዎች በተለይ የሚነገር አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ከጉዳት ተመልሶ እንጦጦን የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ሲያጥርበት «አረጀሁ፣ ደከምሁ» ይላል፤ ነገር ግን ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሲሶ ያህል ያነሰ ነውና ጤነኛውም ቢሆን ያለከልካል። እንደዚሁም ዳገቱን ወጥቶ የወረደ ሰው በማግሥቱና በሠልስቱ ጭኑ ሲታመም «ተጎዳሁ» ብሎ ይተዋል፤ ያ ሕመም ግን ጡንቻ ቍልቍለት ላይ እየተሳበ ክብደትን ሲገታ የሚመጣ፣ በጥቂት ቀን የሚለቅ፣ ሁለተኛ ሲወረድም እየቀነሰ የሚሄድ ነው። መለያው ይህ ነው፦ በጥቂት ቀን ውስጥ እየቀነሰ የሚለቅ ቀላል ሕመም የሥራ ሕመም ነው፤ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ፣ ተኝተውም የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስሄድ ነው።

ብርታት ይመጣል ብሎ መጠበቅስ? ብዙ ሰው ልቡ እስኪነሣሣለት ድረስ ይቀመጣል፤ ልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣሣው እግር ከተነሣ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያናችንን ልማድ አደንቃለሁ። አስተዋይ የነፍስ አባት ለንስሓ ልጁ ቀኖና ሲሰጥ ለብርቱው የሚሰጠውን ስግደት ለደካማው አይሰጥም፤ እንደ አቅሙ ይመጥንለታል፤ ሰዓቱንና ቍጥሩንም ይወስንለታል፤ «ደስ ባለህ ጊዜ ስገድ» አይለውም። ከጉዳት የሚመለስ ሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ በደከመበት ቀን እንኳ ሊፈጽመው እስኪችል ያነሰ መጠንና የታወቀ ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ያው ድርጅት ጥቂቱም ከምንም እንደሚሻል ይናገራልና፣ አሥር ደቂቃ የሄደ ሰው ቀኑን እንደ ጾም አፍራሽ አይቍጠረው።

ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምተው አልተረቱልኝም ነበር። «ልጄ፣ ጉልበት እኮ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ በሄድህበት ቍጥር ያልቃል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሶል ምግብ አይበላም፤ ጉልበት ግን ይበላል» አልኋቸው። እውነቱም ይህ ነው፤ በጉልበት መገጣጠሚያ ያለው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ስንረግጥ ተጨምቆ፣ ስንለቅ ተነፍቶ፣ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ለሚያመው ጉልበት ሐኪሞች አስቀድመው ከሚያዙት አንዱ የተመጠነ እርምጃና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከዘራቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሄድን፤ ሁለት ጊዜ ዐረፍን፤ ደጃፉን ተሳልመው በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እየዳበሱ፣ «ነገ ካላበጠ ሰኞ እስከ ወፍጮ ቤቱ እንሄዳለን» አሉኝ።