የክፍል የተልዕኮ መግለጫ ለተማሪዎች ትርጉም እንዲኖረው

በብዙ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች በጉልህ ተጽፈው ይታያሉ። አንዳንድ መምህራንም ለክፍላቸው የተለየ የተልዕኮ መግለጫ በማኒላ ወረቀት አዘጋጅተው ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ይለጥፋሉ። ልማዱ መልካም ነው። ሆኖም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ፣ ማንበብን ገና በመለማመድ ላይ ላለ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከግድግዳው ቀለም የተለየ ፋይዳ አይኖረውም።

የክፍል የተልዕኮ መግለጫ ተማሪዎችና መምህሩ በዓመቱ ውስጥ በጋራ ሊደርሱበት የሚሹትን ግብ፣ ለዚያም እርስ በርስ የሚገቡትን ቃል የሚይዝ አጭር ጽሑፍ ነው። ከክፍል ደንብ ይለያል፤ ደንቡ የተከለከለውን ሲዘረዝር፣ መግለጫው ተማሪው ወደ ክፍል የሚመጣበትን ምክንያት ይናገራል።

ለዝግጅቱ አመቺ የሚሆነው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። መምህሩ ባለፈው ዓመት ለመማር የረዳቸውንና ያስቸገራቸውን ነገር ተማሪዎቹን ይጠይቃል፤ መልሳቸውንም በራሳቸው አነጋገር ሰሌዳው ላይ ያሰፍራል። “አሳታፊ የመማር ማስተማር ሂደትን ማረጋገጥ” ከሚል ሐረግ ይልቅ “ያልገባው ተማሪ ሲጠይቅ አንስቅበትም” የሚለው ይመረጣል፤ መፈጸሙን ተማሪው በራሱ ዐይን ማየት ይችላልና። የክፍል አለቃውና ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ብቻ ከተናገሩ መግለጫው የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል በየዴስኩ ተወያይቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ፣ ከኋላ የሚቀመጡትንና የመማሪያ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ያልሆነውን ጭምር ያሳትፋል።

መምህሩም ቃል ሊገባ ይገባል። “የሰበሰብኩትን ደብተር በሳምንት ውስጥ አርሜ እመልሳለሁ” የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጫው የሚሰጠው ክብደት ቀላል አይደለም። ዓርብ ዕለት በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የትኛው ቃል እንደተጠበቀ፣ የትኛው እንደተጓደለ መነጋገርም ጽሑፉን ከመረሳት ያድነዋል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አንዱን ክፍል የጠዋትና የከሰዓት ተማሪዎች ስለሚጋሩት፣ እያንዳንዱ ተማሪ መግለጫውን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ቢገለብጠው ይሻላል።

መግለጫው የቅጣት መሣሪያ ሊሆን አይችልም። በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። በመሆኑም “ያረፈደ ይንበርከክ” የሚለው ሐሳብ ከተማሪዎቹ ከራሳቸው ቢቀርብ እንኳ (መቅረቡም እንግዳ ነገር አይደለም) መምህሩ ምክንያቱን አስረድቶ ሊያስቀረው ይገባል።

ወላጆችና አሳዳጊዎች በቅድሚያ ልጃቸው መግለጫውን በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳቸው ቢጠይቁ ይመከራል። ልጁ ማስረዳት ካልቻለ፣ ወይም መግለጫው ለቅጣት ምክንያት እየተደረገ ከሆነ፣ ጉዳዩን በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው መምህር፣ ቀጥሎ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ማቅረብ ይችላሉ። በትምህርት ቤቱ መፍትሔ ያላገኘ አቤቱታ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።