ጉም ሲፈስ፣ ቦረቦር ሲሰፋ፦ ቀስ ብሎ የሚለወጠውን ምድር የሚያሳይ ካሜራ

ከላይ ጋይንት ደጋ ወደ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወደ ስማዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው ምድር ቆሞ ለሚመለከተው ሰው የማይንቀሳቀስ ይመስላል። ገደሉ እንደቆመ ነው፤ አምባው እንደተቀመጠ ነው፤ ዝናብ ባደረ ማግሥት ሸለቆውን የሚሞላው ጉምም እንደተነጠፈ ጥጥ የተኛ ነው የሚመስለው። ይኸው ቦታ ከንጋት እስከ ረፋድ በየጥቂት ሴኮንዱ ፎቶ ተነሥቶ ምስሎቹ ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተኛ የመሰለው ጉም እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ በገደሉ ጫፍ ሞልቶ ይንጠባጠባል፤ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ የነበረው የአምባዎቹ ጥላም ወደ እግራቸው ይሰበሰባል።

ይህ የአቀራረጽ ዘዴ ታይም ላፕስ ይባላል። ካሜራው ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶዎቹም እንደ ፊልም ይያያዛሉ። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ቢነሣ በ4 ሰዓት ውስጥ 1 ሺህ 440 ፎቶዎች ይሰበሰባሉ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ስለሚያሳይ፣ የ4 ሰዓቱ ንጋት በ60 ሴኮንድ ያልቃል ማለት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ አበቦች ሲፈነዱ የሚያሳየውን ፊልሙን ለተመልካች ያቀረበው በ1910 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ ብዙ የእጅ ስልኮች ይህንኑ ሥራ በራሳቸው ይሠራሉ፤ የሚፈልጉት የማይነቃነቅ ማስቀመጫና በቂ ባትሪ ብቻ ነው።

የዘዴው ውበት ዐይን የማይከተለውን ለዐይን ማቅረቡ ነው። ሰው የሮጠን ፈረስ ያያል፤ የሚያድግን ጤፍ ግን አያይም። በሐምሌ የተዘራ ማሳ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ጊዜ ፎቶ ቢነሣ፣ እስከ ኅዳር ባሉት 120 ቀናት የሚሰበሰበው ምስል ለ5 ሴኮንድ ብቻ ይበቃል። ገበሬው አራት ወር የደከመበት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። በዚህ ፊልም ውስጥ አረንጓዴው ሲነሣ፣ ሲዘናፈልና ሲገረጣ ይታያል፤ ያረመውና ያጨደው ሰው ግን በሁለት ፎቶ መካከል ስለሚያልፍ ወይ ጨርሶ አይታይም፤ ወይ እንደ ነጥብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ታይም ላፕስ ለምድርና ለሰማይ የሚያደላ ጥበብ ነው፤ የሰውን ድካም ለማሳየት አይመችም።

የጊዜው ልዩነት ከሴኮንድ ወደ ዓመታት ሲሰፋ ደግሞ ዘዴው ከመዝናኛነት አልፎ ማስረጃ ይሆናል። አንድ አሮጌ ፎቶ የተነሣበትን ትክክለኛ ቦታ ፈልጎ፣ እዚያው ቆሞ፣ ያንኑ መልክዓ ምድር እንደገና ማንሣት ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ለዚህ ሥራ ሰሜን ኢትዮጵያ በዓለም ከሚጠቀሱት ቦታዎች መካከል ትገኛለች።

መነሻው የመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አቅንተዋል። የእንግሊዞቹ ጦር በትግራይና በላስታ በኩል መጥቶ ወደ መቅደላ ስላቀና ጋይንትን አልረገጠም። ለጋይንት ታሪክ ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ በዚያ ካሜራ አልታየም።

የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመታት በኋላ በእንግሊዞቹ ፎቶዎች ላይ የሚታዩትን ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሷቸው። ውጤቱ ብዙዎች ከሚያምኑት የተለየ ነበር። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለው ንግግር በየቀበሌው ይሰማል። ፎቶዎቹ ያሳዩት ግን በዚያ መስመር መሬቱ በ1860 ዓ.ም. ጭምር የተራቆተ እንደነበረ፣ በኋላም እርከን በተሠራባቸውና ከግጦሽ በተከለሉ ቦታዎች ዛፍና ቁጥቋጦ መጨመሩን ነው። ይህ ግኝት ጥንት ለነበረው ጉዳት የዛሬውን ገበሬ ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ትክክል እንዳልሆነ፣ የተደከመበት እርከንም ከንቱ እንዳልቀረ ይናገራል።

በራሱ በደቡብ ጎንደር የተገኘው ምስል ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጣልያን በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሣቸው ፎቶዎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ማኅደር ተቀምጠው ኖረዋል። ተመራማሪዎች በ1938 እ.ኤ.አ. ከተነሡት ፎቶዎች ላይ የዞኑን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለይተው ከ2015 እ.ኤ.አ. የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተዋል። ደኖቹ በአብዛኛው በቦታቸው ጸንተው ተገኙ። በጥንቱ ፎቶ ግን ደኑ በዙሪያው ካለው ቁጥቋጦ ጋር እየሳሳ ይቀላቀል ነበር፤ በአዲሱ ምስል ላይ ቁጥቋጦው ጠፍቶ ደኑ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ተቆርጦ ቀርቷል። ባሕር ዛፍም ገብቶበታል። ስለ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች የሚነገረውን ውዳሴ የሚያዳምጥ ሰው ይህን የጠበበ ዳርቻም አብሮ ቢያይ መልካም ነው።

የገጠሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ይህን ለማየት ማኅደር መክፈት አያስፈልገውም። ጉግል ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰቡ የሳተላይት ምስሎችን በዓመት ቅደም ተከተል አያይዞ በነጻ ያሳያል። የመካነ ኢየሱስ፣ የወገዳ ወይም የነፋስ መውጫ ከተማ እንዴት እንደሰፋ በእጅ ስልክ መከታተል ይቻላል። የሳተላይቱ ምስል ግን ከሩቅ የተነሣ በመሆኑ ከተማንና ደንን እንጂ በአንድ ማሳ ዳር የተጀመረን ቦረቦር አጥርቶ አያሳይም። የቦረቦር ነገር ከቅርብ መታየት አለበት፤ በአንድ ክረምት የሚሰፋው በክንድ የሚለካ ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈው ባለ ማሳ ላያስተውለው ይችላል።

በተፋሰስ ልማት የተሠራ ክትር ደለል መያዙን፣ ወይም ጎርፍ ጎኑን ሰርስሮት መሄዱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ካሜራ ውድ አይደለም። ስልክ ይበቃል። የማይነሣ ድንጋይ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ መቆሚያ ይሆናል፤ የተራራው ጫፍ በፎቶው ላይኛ ጠርዝ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግም ምስሎቹን ለማስተያየት ያመቻል። በክረምት መግቢያና መውጫ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንትና ሰዓት፣ ሁለት ፎቶ ማንሣት በቂ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ወሩ ነው። በጥር የተነሣ ፎቶ ከመስከረም ፎቶ ጋር ከተነጻጸረ ምንም ያልተሠራበት ኮረብታ እንኳ ያገገመ ይመስላል፤ በመስከረም የማይለመልም ምድር የለምና። ልማትን ለማሳየት የሚለጠፉ «በፊትና አሁን» ፎቶዎችን የሚመለከት ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱ በየትኛው ወር እንደተነሡ ቢጠይቅ አይከፋም። ስልክ ስለሚበላሽና ስለሚጠፋም ከየዓመቱ አንድ አንድ ፎቶ አሳትሞ፣ ቀኑንና የተነሣበትን ቦታ ከጀርባው ጽፎ በቀበሌው ወይም በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማኖር ይቻላል።