ስለ አውቶሞቢል የዝናብ መጥረጊያ

የኢሉባቦር አገር ዝናብ የሚበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። ቡናው፥ ማሩና ጥቅጥቅ ያለው ደኑ በዝናቡ የተገኙ በረከቶች ናቸውና በዝናቡ ማማረር አይገባም። ነገር ግን ከበደሌ ተነሥቶ በያዮና በሁሩሙ ወደ መቱ፥ ከመቱም ወደ ጎሬ በአውቶሞቢል ለሚሄድ ሰው ዝናቡ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከተማሪ ቤት የሚመለሱ ልጆች፥ ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶችና የጭነት ከብቶች በመንገዱ ዳር ይጓዛሉ፤ የነጂው መስተዋት ከደበዘዘ የእነዚህ ሁሉ ሕይወት በአደጋ ላይ ነው።

የዝናብ መጥረጊያን በ1896 ዓ.ም. ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት የፈጠራ መብት አግኝታበታለች። የእርስዋ መጥረጊያ ነጂው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ ሞተር ቢሠራም ውሃውን የሚጠርገው ያው ቀጭን የጎማ ጠርዝ ነው።

እንግዲህ መጥረጊያው መስመር እየተወ ሲያስቸግር፥ አዲስ ከመግዛት በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል። መስተዋቱ በሙሉ እንደ ጭጋግ የሚደበዝዝ እንደ ሆነ፥ የዘይትና የናፍጣ ጢስ ቅባት ይዞታልና በሳሙና ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ጭጋጉ ከውስጥ በኩል ከሆነ ግን የተሳፋሪዎች እስትንፋስ ነውና በመጥረጊያው ማመካኘት አይገባም። ቀጭን መስመር ዘወትር በአንድ ስፍራ የሚታይ ከሆነ፥ የጎማው ጠርዝ አሸዋ ይዟል ወይም ተቀዷል፤ ጥቁሩ እስኪለቅ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ተቀዶ ከተገኘ ይለወጥ። ሰፊ ስፍራ ሳይጠረግ ከቀረ፥ ክንዱን ወደ መስተዋቱ የሚጫነው ሞላ ደክሟል ወይም ክንዱ ተጣሟል። ሲሄድ እያጠራ ሲመለስ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ፥ ጎማው በበጋ ፀሐይ ደርቆ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል ወይም ክንዱ ተጠማዟል።

ጭቃ የደረቀበትን መስተዋት ውሃ ሳያፈሱ ማስጠረግ፥ ጎማውንም ይቆርጣል፥ መስተዋቱንም ይፍቃል። ጎማውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ መወልወል ያበላሸዋል እንጂ አያድነውም። ጎማው በሚለወጥበት ጊዜ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር ይተካከል፤ ባዶው ክንድ አምልጦ መስተዋቱን እንዳይሰብር ወፍራም ጨርቅ ከበታቹ ይነጠፍ።

የመንግሥት አውቶሞቢሎች በኀላፊነት የተሰጧቸው ሹማምንት፥ ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱን መጥረጊያ ውሃ አፍስሰው ያስፈትኑ። ጎማው የሚገዛበት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በጉድለቱ የሚጠፋው ነፍስ ግን ዋጋ የለውም። ቃላቸው በሕዝብ ዘንድ የሚሰማ ካህናትም ሲሳፈሩ፥ መስተዋቱ ያልጠራለትን ነጂ «ቁም፥ ጥረግ» ሊሉት ይገባል። መንገደኛው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ይደርሳልና። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው እንደዚህ ላለው ጉዳይ ነው።