የጀልባ ኑሮና ዋና

በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ጀልባን ቤታቸው ያደረጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖራሉ። ጀልባዋ «ናሮውቦት» ትባላለች። ከብረት የተሠራች ናት፤ ወርዷ 2.1 ሜትር ገደማ ሲሆን ርዝመቷ ከ20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ውስጧ አልጋ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያና በእንጨት ወይም በከሰል የሚሠራ ማሞቂያ አለ። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ መስመር የሚያስተዳድረው በ2012 የተቋቋመው «ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት» ነው። ፈቃድ ለማውጣት ጀልባዋ የደኅንነት ምስክር ወረቀትና ኢንሹራንስ ሊኖራት ይገባል፤ ቋሚ ማቆሚያ ከሌላት ደግሞ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ ሳትቆይ መዘዋወር አለባት። ባለቤቱ መዋኘት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ግን የለም።

ዋና የማይጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦዮቹ በአብዛኛው የተቆፈሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ፣ ከሰልና ሌላ ጭነት በፈረስ በሚጎተቱ ጀልባዎች ለማጓጓዝ ነው። ታቿ ጠፍጣፋ ለሆነ ጀልባ ጥልቅ ውኃ አያስፈልግም። መሐል ላይ እንኳ ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ዳር ዳሩን ደለል ስለሚሞላው ከዚያም ያንሳል። የወደቀ ዐዋቂ ሰው እግሩን ጭቃው ላይ ተክሎ ቀጥ ቢል ውኃው ብዙውን ጊዜ ከደረቱ አያልፍም። ስለዚህ የጀልባ ነዋሪዎች ለአዲስ ገቢ በቅድሚያ የሚነግሩት «ቁም» ብለው ነው። በጭነት ጀልባ ላይ ተወልደው ያደጉት የድሮዎቹ ቤተሰቦች፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር በምትሆን ክፍል ተጨናንቀው ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ ዋና ሳይማሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ድክ ድክ የሚል ልጃቸውን ጣሪያው ላይ በገመድ ያስሩት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ለሜዳው ቦይ ነው። ቦዩ ኮረብታ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ጀልባዋ «ሎክ» በሚባል፣ በሁለቱም ጫፍ በር ባለው የጡብ ወይም የድንጋይ ክፍል ውስጥ ታልፋለች። ክፍሉ ሲሞላ ቆሞ መዳን የሚባል ነገር የለም። ግድግዳው በአረንጓዴ ዝልግልግ ተሸፍኖ ያሙለጨልጫል፤ መያዣ ቢኖር በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የብረት መሰላል ነው። ውኃው በመክፈቻዎቹ በኩል በግፊት ሲገባ ጎበዝ ዋናተኛንም እንደ ቅጠል ያገላብጠዋል። ወንዝም ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ነዋሪዎች ከቦዩ ወጥተው እንደ ቴምዝና ትሬንት ባሉ ወንዞች ላይ ይጓዛሉ፤ ከዝናብ በኋላ ወንዙ ሲሞላ ጀልባ አስሮ መጠበቅ ከማንኛውም የዋና ችሎታ የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

ከጥልቀቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቅዝቃዜው ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ልቡ በኃይል ይመታል። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ጭንቅላቱ ውኃ ውስጥ እያለ ከመጣ፣ የሚገባው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። ድንጋጤው የሚበርደው ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የብሪታንያ የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም «አርኤንኤልአይ» በጀርባ ተንጋሎ፣ እጅና እግርን ዘርግቶ፣ ትንፋሽ እስኪመለስ መንሳፈፍን የሚያስተምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዙት አሥር ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ነው፤ ጣቶች ገመድ መጨበጥ ያቅታቸዋል። የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ለመድረስ ግን በበረዷማ ውኃ እንኳ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በሞቀ መዋኛ ገንዳ አርባ ዙር የሚዋኝ ሰው በጥር ወር ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ችሎታው የሚጠቅመው እነዚያን የመጀመሪያ ሰከንዶች ካለፈ ብቻ ነው።

ነዋሪዎቹ በቤታቸው ደጃፍ ዋና ይለማመዱ ቢባልም አይሆንም። ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በቦዮቹ ውስጥ መዋኘትን አይመክርም፤ ከታች የተጣለ ብረትና ጠርሙስ አለ፤ በአይጥ ሽንት የሚዛመት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታም አለ።

ውኃ ውስጥ መውደቅ የሚያጋጥመው በጉዞ ላይ ብቻ አይደለም። ጀልባዋ ቆማ፣ በምሽት፣ ጠርዟ ውርጭ ይዞት፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ከመጠጥ ቤት ሲመለስ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በጎኗ ያለው መረማመጃ የጫማን ወርድ ያህል ቢሆን ነው። የወደቀው ሰው ከውኃው ወደ ላይ ሲያይ የሚገጥመው መጨበጫ የሌለው የብረት ግድግዳ ነው። የረጠበ ልብስ ውኃ ውስጥ ሳለ ብዙም አይከብድም፤ ክብደቱ የሚታወቀው ለመውጣት ሲሞከር ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከታች ሊደረስበት የሚችል የገመድ መሰላል ቢያንጠለጥል ከብዙ ወር የዋና ትምህርት በላይ ይጠቅመዋል።

ጃኬት ሲገዛ ደግሞ የዋና ጉዳይ በሌላ በኩል ይመለሳል። 50 ኒውተን የሚል ምልክት ያለው ተንሳፋፊ ሰደርያ የተሠራው መዋኘት ለሚችልና እርዳታ በቅርብ ላለው ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው አይገለብጥም። በራሱ የሚነፋው ባለ 150 ኒውተን ጃኬት ውኃ ሲነካው በትንሽ የጋዝ ጠርሙስ ይሞላል፤ የሰውየውንም ፊት ወደ ሰማይ ያዞራል። ዋና የማያውቅ ሰው ርካሹን ሰደርያ መርጦ መግዛቱ የተለመደና አደገኛ ስሕተት ነው።

ሌላ ሰው ሲወድቅ የሚጠበቀው ተግባርም ዋናን አይጠይቅም። መሪ የያዘው ማርሹን ፍሪ ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ማስኬድ የወደቀውን ወደ ፕሮፔለሩ ሊስበው ይችላል። ቀጥሎ ገመድ ይወረወራል። ተከትሎ መዝለል፣ በተለይ ዋናዬ ጥሩ ነው ከሚል ሰው፣ የሚወጡትን ሁለት ከማድረግ አያልፍም።

ኑሮው ውኃው ውስጥ የሆነ ሕዝብ ግን በጀልባ ለመኖር ዋና ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ ይሰጣል። በፊሊፒንስ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ባሕሮች በጀልባ ሲኖሩ የኖሩት ባጃው የሚበሉትን ዓሣ የሚያገኙት ጠልቀው ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ጣፊያቸው በየብስ ከሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው በ50 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ጣፊያ በጠለቁ ጊዜ ኦክሲጅን የተሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ይለቃል። ለእነርሱ ዋና ሥራ ነው፤ ባሕሩም ሞቃት ነው። የእንግሊዙ ነዋሪ ውኃውን የሚጠቀምበት እንደ ጎዳና ነው።

በናሮውቦት ላይ የሚሞት ሁሉ የሚሞተው ሰጥሞ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በክረምት ከሰል አንድዶ በሩን ዘግቶ የሚተኛን ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ በየትም አገር እንደሚገድለው በጀልባም ይገድለዋል። ከ2019 ጀምሮ መኖሪያ ክፍል ያለው ጀልባ የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲይዝ ግዴታ ሆኗል።

ወደ ቦዩ ውኃ ስንመለስ፣ ለሕፃናት «ቁም» የሚለው ምክር አይሠራም፤ አንድ ሜትር ውኃ ከቁመታቸው ይበልጣል። በጀልባ የሚያድግ ልጅ ዋና መማር ያለበት በተቻለ ፍጥነት ነው። እስኪማርም፣ ከተማረም በኋላ፣ ከክፍሉ ሲወጣ ጃኬቱን ይለብሳል።